ታንከሩ ለማን ነው የሚቸኩለው

ሰሞኑን ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው የስልክ ጥገና ሱቅ በሩ ላይ ፊደል የሚሮጥበት ሰሌዳ ሰቀለ። ቀይ ፊደል ነው፤ እየተግተለተለ ያልፋል። እኔ ፊደል የማውቀው በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ልክ ስለሆነ አንዱን ቃል ለቅሜ ሳልጨርስ ሌላው መጥቶ ይገፈትረዋል። እሱስ ይቅር፤ ሱቁ ምን እንደሚሠራ ሳይሮጥብኝም አውቃለሁ። የከፋኝ ሌላ ነው። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ ሬዲዮዬ ታመመ። ስከፍተው ሰውዬው ዜና ሲያነብ ከኋላው ጠረረረ የሚል፣ ደረቅ በቆሎ ቆርቆሮ ላይ እንደሚበተን ያለ ነገር ይነሣል። ሱቁ ሲዘጋ ይተወዋል፤ ሲከፈት ይነሣበታል።

ሄጄ ነገርኩት። ባለሱቁ ገና ጎረምሳ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዝቅ ብሎ ሰላም ይለኛል። ያን ቀን ግን ከያዘው ስልክ ቀና አላለም። «ጋሼ ሰይድ፣ ሬዲዮው አርጅቶ ነው» አለኝ። «ደግሞ በዚህ ዘመን ሬዲዮ ምን ያደርግልዎታል?»

ምራቄን ውጬ ወጣሁ። ድምፁን ስለማውቀው ነው። ጠረረረውን ብቻ አይደለም፤ ሰው ሌላው ሲቸገር «የተበላሸውስ ያንተው ነው» የሚልበትንም ድምፅ አውቀዋለሁ። ሁለቱን መጀመሪያ የሰማኋቸው በአንድ ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም እኩል ያቅለሸልሹኛል።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። በድርቁ ጊዜ ከመጠለያ ተጭነው አሶሳ ከሰፈሩት ነኝ። ያኔ እናትና አባታችን አልፈው ነበር፤ የቀረችኝ ታናሽ እህቴ ዘሀራ ነበረች፣ ገና ልጅ። ስማችን የተጠራ ዕለት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። እህቴ ትምጣ፣ ትንሽ ቆዩ ብል የሚሰማኝ አጣሁ፤ በሚቀጥለው መኪና ትደርስብሃለች ብለው አሳፈሩኝ። እጄ ላይ የቀረው የእሷ ነጠላ ነበር፤ ጫፉ ላይ ቆሎ ቋጥራበታለች። መንገዱን ሙሉ እየራበኝ አልፈታሁትም፤ ስትደርስ አብረን እንበላዋለን ብዬ። አሶሳ ዝናብ ጠበቀንና ቆሎው ሻገተ። የሚቀጥለው መኪና ወዴት እንደዞረ የሚነግረኝ ሰው ግን ለዓመታት አላገኘሁም።

የሰፈርንበት አምባ ከአሶሳ ከተማ ጎህ ሲቀድ የተነሣ ሰው አመሻሽ ላይ የሚደርስበት ነው። በመካከል ወንዝ አለ፤ በበጋ ቁርጭምጭሚት አያረጥብም፣ በክረምት በሬ ይወስዳል። አገሩ ልምላሜ ነው፤ ማንጎው፣ ቀርከሃው፣ ሣሩ ሰው ይውጣል። እኛ ደረቅ አገር ያሳደገን ሰዎች ልምላሜውን መልመድ እንኳ ጊዜ ወሰደብን። ከሁሉ ከሁሉ ግን ያልለመድነው ምስጡን ነው። አሶሳ ላይ እንጨት ተክሎ የሚመካ ሰው ሞኝ ነው። ዛሬ ያቆምከውን ምሰሶ በሚመጣው ክረምት ስትደገፈው አብሮህ ይወድቃል፤ ውስጡን በልቶ ቅርፊቱን ለወግ ይተውልሃል። ስለዚህ ምሰሶ ያለው ሰው ምሰሶውን ያከብራል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት እንደቆየ በሬዲዮ የመፈላለጊያ ሰዓት መጣ። እሁድ ዐሥር ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ታነባለች፤ ፈላጊ እገሌ፣ ተፈላጊ እገሌ፣ የተለያዩት እዚህ፣ አሁን ያለው እዚህ። ሌላ ቃል የላትም። በእኛ አምባ ሰው ያልጠፋበት ቤት አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ትልቅ ሬዲዮ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው፤ አንቴናው ረጅም ሽቦ ሆኖ ከቀርከሃ ቀርከሃ ተዘርግቷል። እሁድ ሲሆን ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ የዝንብ ድምፅ ይሰማ ነበር። እኔም በአምባው መምህር እጅ አስጽፌ ስሜንና አድራሻዬን ልኬ ነበር፤ ተነበበልኝም። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው።

ከእኛ ጋር የሚቀመጥ ሐሰን የሚባል የበርታ ሰው ነበር። እሱ የአገሩ ባለቤት ነው፤ የሰፈርነው እኛ ነን። የጠፋበት ሰውም የሚጠብቀውም ስም አልነበረውም፤ እሁድ ግን አይቀርም። በክረምት የቀርከሃ ቡቃያ ቀቅሎ በጨውና በሚጥሚጣ ያመጣልናል፤ መጀመሪያ ሣር ያበላናል ብለን ሳቅንበት፣ ኋላ ቀድመን የምንጠይቀው እኛ ሆንን። ለምን እየመጣ እንደሚቀመጥ ብጠይቀው፣ «እናንተ ሁሉ እዚህ ያለቅሳል፤ እኔ ብቻዬን ቤት ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?» አለኝ።

አሁን ወደ አቶ ጌጡ ልምጣ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነበር፤ እንደ እኔው የወሎ ሰው፣ በዚያው መኪና የተጫነ። ሞቷል። ሙት አይወቀስም ይላሉ፤ እኔ ግን እወቅሰዋለሁ። በሕይወት ሳለም ወቅሼዋለሁና አድልዎ የለብኝም።

በዚያ ዓመት የውሃ ሞተር ተተከለልን፤ ኮረብታው ላይ ታንከር ቆመ። ታንከሩ አጠገብ ደግሞ አንድ የብረት ሳጥን ታሰረ። ሳጥኑ ውሃው ምን ያህል እንደሞላ ይለካና በስምንት ክር ገመድ ወደ ኮሚቴው ቢሮ ይልካል፤ እዚያ ስምንት መብራት አለ፤ ታንከሩ ሲሞላ አንድ በአንድ ይበራሉ። ሰው ኮረብታ መውጣት ቀረለት ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ አልክድም። የተከለው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሳጥኑ እንደ መብረቅ ፈጣን ነው፣ የመጨረሻው ዘመናዊ ነው ብሎ ለጌጡ ነገረው። ጌጡ ያችን ቃል እንደ ርስት ወረሳት። ሳጥኑን ቆለፈ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ እስኪመረቅ ማንም አይነካውም አለ። ለምረቃውም ክረምትን መረጠ። ሰማይ ውሃ በሚያወርድበት ወር ውሃ የሚያስመርቅ ሰው ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አላየሁም።

ገመዱን የዘረጋነው ባለሙያው በሚሄድበት ዋዜማ በደቦ ነው። ከታንከሩ እስከ ቢሮው ምሰሶ ያስፈልጋል። አዲስ ምሰሶ ብንተክል ምስጥ ይበላዋል፤ የሬዲዮው አንቴና የተሰቀለባቸው ቀርከሃዎች ግን እግራቸው የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ ደህና ቆመዋል፣ በዚያው አቅጣጫም ያልፋሉ። ታዲያ ምን እንሠራለን? ገመዱን ከአንቴናው ጎን ለጎን በዚያው ላይ ሰቀልነው። ብልሆች ነን አልን። ጠላ ተጠጣ፤ ለማንጠጣው ብርዝ ቀረበልን።

በማግስቱ ሬዲዮው ጠረረረ ማለት ጀመረ። ገመዱን ማንም አልጠረጠረም። ጌጡ መጥቶ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ሬዲዮው አርጅቷል፣ አንቴናው አንሶታል ብሎ ፈረደ። እኛም አመንነው። እንደገና ደቦ ወጣን፤ ሽቦ ለምነን አንቴናውን እስከ ታንከሩ ድረስ በገመዱ ጎን አስረዘምነው። ጠረረረው ባሰ። ስናስረዝም ሲብስ፣ ሲብስ ስናስረዝም ሰነበትን። ሐሰን ብቻ አንድ ቀን፣ «ይሄ ሽቦ ሲበላ ነው የሚጮህ፤ አታብላው» ብሎ ነበር። ሳቅንበት።

እንዲህ እያለን እሁዶች አለፉ። ሴትዮዋ ታነባለች፣ እኛ ከጠረረረው ሥር ስም እንለቅማለን፤ እንደ ጤፍ ከአሸዋ። አንድ እሁድ አቀርቅሬ ተቀምጬ ሳለሁ «ፈላጊ ዘሀራ ይመር» የሚል ሰማሁ። ጆሮዬ የፈጠረው መሰለኝ። ቀጥሎ «ወንድሟ ሰይድ ይመር» መጣ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «አሁን የምትገኘው» አለችና ጠረረረው ዋጠው። ቦታው ተበላ። ስሟን አደረሰልኝ፣ መሆኗን አደረሰልኝ፣ የት እንዳለች ብቻ በላብኝ። በስተመጨረሻ ሴትዮዋ የዛሬዎቹ ስሞች በሚቀጥለው እሁድ አንድ ጊዜ ይደገማሉ፣ ከዚያ በኋላ አይነበቡም ስትል ግን ጥርት ብሎ ተሰማ። ይህን ለመስማት አልከለከለንም።

ሰው ከበበኝ። አንዱ ደሴ ነው ያለችው ይላል፤ አንዱ መተማ ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ይምላል፤ አንዲት አሮጊት ጅማ ነው ብለው ያዙኝ። ሁሉም ሊያጽናኑኝ ነው፤ ሁሉም ደግሞ አልሰሙም። እህቴ በሕይወት አለች፣ አገሩ ሁሉ ውስጥ አለች።

በማግስቱ ጌጡ ዘንድ ሄድኩ። ለምረቃው የሚናገረውን እያጠና ነበር። አቶ ጌጡ፣ በመጪው እሁድ ዐሥር ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት ሳጥኑን ያጥፉልኝ አልኩት። ሬዲዮው ከሳጥኑ በፊት ደህና እንደነበር ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ገብቶኝ ነበርና። በትዕግሥት ነው የነገርኩት፤ እንዲያውም ጎንበስ ብዬ።

«እሁድ ምረቃ ነው» አለኝ። «እንግዶች ሲገቡ መብራቱ መብራት አለበት። ላንድ ሰው ብዬ የሕዝብ ንብረት አላጠፋም።»

«ከእንግዶቹ በፊት ወይም በኋላ ያብሩት።»

«ሬዲዮው ነው የተበላሸው ብያለሁ። ስንቴ ልንገርህ?»

በእንግዶቹ ትራክተር አሶሳ ልሂድና እዚያ ልስማ አልኩት፤ ወንዙ ሞልቶ በእግር አይታሰብም ነበር። ትራክተሩ እንግዳ ለማምጣት እንጂ ሰው ለመውሰድ አልተመደበም አለኝ። እኔም ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ነበረችኝ፣ ይዣት ከገመዱ ርቄ ጫካ እገባ ነበር፤ ድንጋይዋ ካለቀ ወር አልፏታል፣ በአምባው የባትሪ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም። ከቢሮው ወጥቼ ገጀራዬን ይዤ ወደ ገመዱ ሄድኩ። ያስቆሙኝ ሽማግሎቹ ናቸው፤ ገመዱን ብትቆርጥ እስር ቤት ሆነህ ነው ወይ የምትሰማው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ገጀራውን ተቀበሉኝ። ዛሬም ሳስበው የሚያንገሸግሸኝ የጌጡ እንቢታ አይደለም፤ በዚያው መኪና ተጭኖ፣ ያችን ልጅ ስጠራ አጠገቤ ተቀምጦ ሰምቶ፣ «ላንድ ሰው» ማለቱ ነው።

ዓርብ ዕለት ትራክተሩ አንዲት ወጣት ሴት ይዞ መጣ። ወይዘሪት ሰብለ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ አሶሳ አንድ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ መገናኛ የምትጠግን ባለሙያ ናት። የመጣችው ለምረቃው ድምፅ ማጉያ ልትተክል ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ ነበር፤ ሐሰን የቀርከሃ ቡቃያ ሲሰጣት ምንነቱን ሳትጠይቅ በላች። ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ገመድ በዚያው በቀርከሃዎቹ ላይ አሳለፈች፣ ሌላ ምሰሶ የለማ። ጌጡም ንግግሩን ሊሞክር ጉሮሮውን ጠርጎ «የተከበራችሁ» ሲል ድምፅ ማጉያው ጠረረረ አለ።

ያን ጊዜ የጌጡን ፊት ባያችሁት። «የተከበራችሁ» ይላል፣ ጠረረረ። «ውድ እንግዶቻችን» ይላል፣ ጠረረረ። ላቡ መጣ። ሰው ስሙን ሲያጣ፣ ጠረረረው ወንድምና እህት ሲበላ ያልሰማው ጆሮ የገዛ ንግግሩን ሲበላው ተከፈተ። ወይዘሪት ሰብለ ዙሪያውን ቃኘች፣ ገመዱን በዓይኗ እስከ ኮረብታው ተከተለችና ያ ሳጥን ምንድን ነው አለች። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ የሰጣት እሱ ራሱ ነው። ለእኔ ጎንበስ ላልኩት ያልወጣ ቁልፍ ሳትጠይቀው ወጣ። እዚያው መሬት ላይ እንትፍ አልኩ፤ አይቶኛል።

ኮረብታው ላይ ተከትለናት ወጣን። ሳጥኑን ከፈተች። ውስጡ አንድ ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ላይ ብዙ እግር ያለው ጥቁር ጥንዚዛ የሚመስል ነገር ተቀምጧል። ምልክቱን ወደ ገመዱ የሚያስወጣው ይሄ ነው አለችን። ሥራው ትክክል ነው፣ አልተበላሸም፤ ክፋቱ አወጣጡ ላይ ነው፣ ከባዶ ወደ ሙሉ በቅጽበት ይዘላል፣ ያውም በስምንቱ ክር ላይ እኩል፣ ደግሞ ያለማቋረጥ። «በር ቀስ አድርገህ ብትዘጋው ይዘጋል» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፤ «ብትወረውረውም ይዘጋል። የወረወርከውን ግን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል።» ያ ረጅም ገመድ የበሩን ጩኸት ይዞ ይወጣል፣ ከጎኑ የተዘረጋው አንቴና ይቀበለዋል፤ በረዘመ ቁጥር ብዙ ይቀበላል። ይህን ስትል እርስ በርስ ተያየን። በደቦ ያስረዘምነው እኛው ነና።

ሐሰን ሳቁ መጣ። እሱ ዙምባራ ነፊ ነው። ዙምባራ እንዴት እንደሚነፋ ላላየ ልንገር፤ ሰዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ረጅም መለከት ይይዛሉ፣ እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ አለው፣ ተራ ጠብቀው አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ነው። «ወላሂ፣ ይሄ ሳጥን ዙምባራ አይችልም» አላት። «ሁሉ ሰው አንድ ላይ ነፋ። እንደዚህ ዘፈን የለም።»

«ልክ ነህ» አለችው። «ሁለት ነገር ነው የምናስተምረው፤ ቀስ ብሎ እንዲነሣና ተራ እንዲጠብቅ።»

ጌጡ ደነገጠ። «ታዲያ ሊዘገይ ነው? ፈጣን ነው ተብሎ ነው የተሰጠን። እንግዶቹ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«አቶ ጌጡ፣ ይህ ታንከር እስኪሞላ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ለማን ነው የሚቸኩለው?»

ለሥራው ዕቃ አጠረ። ሬዚስተርና ካፓሲተር የምትላቸው ናቸው፤ አንዱ የስንዴ፣ አንዱ የምስር ፍሬ ያክላል። አንዱ የሚሮጠውን ይገታዋል፣ አንዱ ጥቂት አጠራቅሞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ለስምንቱ ክር ስምንት ስምንት ያስፈልጋል፤ እሷ የያዘችው ሁለት ሦስት ነው። ከአሮጌ ሬዲዮ ይነቀላል አለች። ቤቴ ሄጄ የእጅ ሬዲዮዬን አመጣሁላት። ተመልሳ እንደማትሠራ ነገረችኝ፤ ንቀይው አልኩ። ወንዙ ድንገት ቢጎድል፣ አንድ ሰው ድንጋይ ይዞ ቢመጣ፣ ያለችኝ ተስፋ ያቺው ሬዲዮ ነበረች።

ከሰል አቀጣጠልን፤ መበየጃዋን ከሰሉ ላይ እያጋለች፣ እርሳሱን እያቀለጠች፣ ምልክት ከሚያስወጡት ስምንት የጥንዚዛው እግሮች ፊት አንድ አንድ ጥንድ አጣበቀች። አንድ ላይ እንዳይነሡ ብላ ካፓሲተሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደረቻቸው፤ ትንሹ ያለበት ይቀድማል፣ ትልቁ ያለበት ይከተላል። ዝናብ መጣብን፤ ሐሰንና እኔ ጋቢዬን በአራት ጫፍ ይዘን ከላይዋ ቆምን። ውሃው በጀርባዬ ሲወርድ አይሰማኝም ነበር፤ ዓይኔ እጇ ላይ ነው። ጨርሳ ስታበራው መብራቶቹ እንደ ድሮው በሩ፤ ዘገዩ የሚል ዓይን አልነበረም። ሬዲዮው ተከፈተ። ጠረረረው ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሽም፤ እንደ ሩቅ ዝናብ ከኋላ ይሰማል። ከፊት ግን ሰው ሲናገር ይሰማል። አንቴናውንም ደቦ ሳንጠራ በዚያው ምሽት አወረድንና ወደ ሌላ በኩል፣ ማንጎው ዛፍ ላይ አሰርነው።

እሁድ ደረሰ። ምረቃው ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ እንግዶቹ ጭቃ ይዟቸው ዘገዩ፤ ጌጡ አፉን የከፈተው ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ሄጄ ሬዲዮውን ሳየው ባትሪ የለውም። ባትሪው ለድምፅ ማጉያው ተወስዷል። ጌጡ ነው ያስወሰደው።

ሬዲዮውን ተሸክሜ ወይዘሪት ሰብለ ወደተቀመጠችበት ሄድኩ፤ ከሕዝቡ ኋላ፣ ማንጎው ሥር ጠረጴዛ ነበራት፣ ባትሪው ከእግሯ ሥር ነው። ባትሪው ልላት አፌን ስከፍት፣ «አይቻለሁ» አለችኝ። ሬዲዮውን ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ ሁለት ሽቦ ከዚያው ባትሪ ላይ አያያዘችለት። «ለሁለቱም ይበቃል። ድምፁን ከፍ አላደርገውም፤ ቁጭ በልና ስማ።»

ቁጭ አልኩ። ሌሎቹ ስም የሚጠብቁት ግን ከመድረኩ ፊት ናቸው፤ አንገታቸው ወደ እኛ ይዞራል፣ መነሣት ፈሩ። ሐሰን በመካከላቸው ነበር። ወደ አንዱ ጆሮ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር አለው። ኋላ እንደሰማሁት፣ «ሁሉ ሰው አንድ ላይ አይነሣም። አንድ ሰው ይነሣ፣ ከዚያ አንድ ሰው» ነው ያለው። መጀመሪያ ራሱ ተነሣ፣ ሽንት እንደሚሸና ሰው ዞር ብሎ መጣ። ጥቂት ቆይቶ አሮጊቷ። ጥቂት ቆይቶ ሕፃን ያዘለችዋ። ሲመጡ ድምፅ የለም፣ ግርግር የለም። ጌጡ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ሳጥኑ እንደ መብረቅ ፈጣን እንደሆነ ያነባል። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ የነበረው ሣር ብቻ ነው። እንግዶቹም ዞረው አዩ። እኛ ሁላችን ማንጎው ሥር ጀርባችንን ሰጥተን አጎንብሰናል።

ሴትዮዋ ያንኑ ከፍም ዝቅም የማይል ድምፅዋን ይዛ መጣች። «ፈላጊ ዘሀራ ይመር። ተፈላጊ ወንድሟ ሰይድ ይመር። የተለያዩት ወሎ መጠለያ። አሁን የምትገኘው ማንኩሽ።»

ማንኩሽ። ደሴም አይደል፣ መተማም አይደል። ከዓባይ ማዶ ማለት ነው፤ ያው የእኛው አገር። የሚቀጥለው መኪና የዞረው ወደዚያ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ዝናባችን አንድ፣ ምስጣችን አንድ፣ ወንዝ ብቻ ነበር በመካከላችን። አልጮህኩም። የተጫንን ቀን አንድ ሰው ወደ ወረቀቱ ዓይኑን ቢጥል፣ የት ነው የምትወስዷት ስል አንድ ሰው መልስ ቢሰጠኝ ኖሮ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ደስታዬን እንኳ በጥላቻ ነው የጀመርኩት።

ጌጡ አመሻሽ ላይ ለእንግዶቹ የዘገየው ምሳ ሲቀርብ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ሳጥኑን ያስከፈትኩት ሕዝቡ የመፈላለጊያ ሰዓቱን እንዳያጣ ብዬ ነው አላቸው። እኔ ወጥ ይዤ ከጎኑ ስቆም ነው ያለው። እንግዶቹ አጨበጨቡለት። ወጡን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሥጋ ከቀመስኩ ወራት ቢያልፈኝም አልበላሁም።

ክረምቱ ሲወጣ ማንኩሽ ሄድኩ። መንገዱን አልተርክም፤ ረጅም ነው። ዘሀራ ትልቅ ሴት ሆና ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ትኩር ብላ አየችኝና መጀመሪያ የጠየቀችኝ ነጠላዬስ ብላ ነው። ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጫፉን ዳበሰችው።

«ቆሎዬን በላኸው?»

«ሻገተ» አልኳት።

እስከ ዛሬ አላመነችኝም። ባል አግብታ እዚያው ኖረች፣ ልጆች ወለደች፤ ስልክ ስትደውልልኝ ዛሬም «ቆሎዬን የበላህ» ነው የምትለኝ።

ይህን ማስጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ያ ጎረምሳ ባለሱቅ ቤቴ መጣ። ለሱቁ ማስታወቂያ የሚያስጮህ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ጠረረረ ብሎበታል። ጋሼ ሰይድ፣ ያ ያሉኝ ድምፅ እውነት ነው ለካ አለኝ። እኔ ስነግረው ውሸት ነበር፣ የእሱን ማስታወቂያ ሲያበላሽበት እውነት ሆነ። ጌጡ ተነሥቶ ደጄ ላይ የቆመ መሰለኝ። ላባርረው አሰብኩና ተውኩት፤ ልጅ ነው። ሰሌዳውን የሠራለትን ሰው ጠርቶ ምልክቱ ሲነሣ እንዲያለዝበው፣ ገመዱንም እንዲያሳጥር ነገርኩት። ደግሞ ሰሌዳህ ለማን ነው የሚቸኩለው አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰሌዳው ይኸው እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

እሁድ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ከልምድ ሬዲዮዬን እከፍታለሁ። ስም የሚያነብ የለም። ሰው ግን በዚህ አገር ዛሬም ይጠፋፋል፣ ዛሬም ይፈላለጋል። ጆሮዬን አስጠግቼ ከጠረረረው ሥር እሰማለሁ፤ ይሄ ቀይ ፊደል አሁን የማንን ቦታ ነው እየበላ ያለው እላለሁ።